በወላይታ ሶዶ ከተማ ንብ ማነብ፦ የቀፎ ቁጥርና የአበባ አቅም

ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ሆኖ ወላይታ ሶዶን ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ ከተማዋ ለንብ የተመቸች ናት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እንሰት፣ ቡና፣ አቮካዶና ጎደሬ ከአጥር እስከ አጥር ይታያሉ። ይሁን እንጂ አረንጓዴነት ብቻውን የንብ መኖ አይሆንም፤ ንቦች የሚሹት ቀሰምና የአበባ ዱቄት ነው። የጓሮው ዋነኛ ተክል የሆነው እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ሲሆን፣ ለቆጮ የሚቆረጠውም በአብዛኛው ሊያብብ ሲቃረብ ነው። ጎደሬም የሚያብበው ከስንት አንዴ ነው።

ጉዳዩ ተግባራዊ ክብደት ያገኘው በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማርን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዶሮ ጋር የቤተሰብ ምርት አድርጎ ካቀረበው ወዲህ ነው። በዚህ ዓይነቱ ዘመቻ ውስጥ ለመቁጠር የሚቀለው የተከፋፈለው ቀፎ ነው። በከተማ ግን የቀፎ ቁጥር አሳሳች መለኪያ ነው። ቀሰም ፈላጊ ንብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መሄድ አይከብዳትም፤ ይህም በአንድ ቀፎ ዙሪያ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ስለሆነም ቀፎው የግል ቢሆንም ግጦሹ የጋራ ነው። በሁለት አጎራባች ግቢዎች አሥር አሥር ቀፎ ቢሰቀል፣ ለአበባው ሃያ ቀፎ ነው።

አበባውም ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና መሰል ዕፅዋት በብዛት ያብባሉ፤ ከበልግ ዝናብ በኋላ ቡና ያብባል፣ ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በመካከሉ ያለውን የረሃብ ወቅት የሚሞሉት እንደ ብሳና፣ ግራዋና ባሕር ዛፍ ያሉት ናቸው፤ ለግንባታ ቦታ ሲባል በቅድሚያ የሚቆረጡትም እነዚሁ መሆናቸው ያሳዝናል። የአገራችን ንብ መኖ ሲያጣ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ዘመናዊ ቀፎ በብድር የገዛ ወጣት በዚያን ጊዜ የሚቀርለት ሣጥንና ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ጎረቤት ነው። የተቆጣች ንብ ስትናደፍ የምትረጨው፣ የበሰለ ሙዝ የሚሸት ንጥረ ነገር ሌሎቹን ለጥቃት ይጠራል። ማር በምሽት መቁረጥ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ብዛት ያላቸውን ቀፎዎች ከመሀል ከተማ ይልቅ በዳሞታ ግርጌና በዙሪያው ቀበሌዎች ማኖር ይመረጣል። ወደ ደቡብ ሲወረድ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ከንክኪ ተጠብቆ ከነባር ጉቶዎች እንደገና ደን ሆኗል፤ ለንብ የሚበጀው እንዲህ ያለ መሬት ነው።

ችግሩ የሶዶ ብቻ አይደለም። የለንደን ቀፎ መብዛት ከአበባው አቅም በላይ ሆኖ የዱር ንቦችን እንደሚሻማ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 አስጠንቅቋል።

ለሶዶ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ጥናት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ጥቂት ቀፎዎችን ሚዛን ላይ አኑሮ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ በየምሽቱ ክብደታቸውን መመዝገብ ይቻላል። ክብደት የሚጨምርባቸው ሳምንታት ቀሰም የሚፈስባቸው ናቸው፤ የሚቀንስባቸው ደግሞ ንቦቹ ያከማቹትን የሚበሉባቸው ናቸው። መዝገቡ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መቀጠል አለበት፤ የመስከረምን ብቻ ይዞ ቀፎ ያከፋፈለ፣ ሐምሌ ላይ ባዶ ቀፎ ያገኛል።