በመኪና ረድፎች መካከል በስኩተር ስለ መሄድ የተደነገገ ሕግ

ስኩተር ማለት ሁለት ጎማ ያለው፣ ሞተሩ ከመቀመጫው በታች የተሸሸገ፣ ነጂውም በወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው እግሩን ከፊቱ አሳርፎ የሚነዳው ተሽከርካሪ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቬስፓ በሚለው ስም ነው፤ ቬስፓም በኢጣልያ አገር መሠራት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በዚህ ትምህርት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ረድፍ የሚባለውም በጎዳና ላይ በቀለም መስመር ተለይቶ ለአንድ የመኪና ሰልፍ የተመደበ የመንገድ ክፍል ነው። በትልልቅ ከተሞች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ አራት ወይም አምስት ረድፎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። መኪናዎቹ ተጨናንቀው በቆሙ ጊዜ በሁለቱ ረድፍ መካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ስኩተርም ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ ነጂው በዚያ ክፍተት እየሾለከ ወደ ፊት ለመሄድ ይችላል። መቻልና መፈቀድ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ከተፈቀደም በኋላ በምን ያህል ፍጥነት ይሂድ የሚል ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ በዚህም ጥያቄ የተሳሳተ ሰው ሕጉን ሳይተላለፍ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በአሜሪካ አገር እያንዳንዱ ግዛት ለጎዳናው የራሱን ሕግ ያወጣል። ከነዚህም ግዛቶች መካከል በረድፎች መካከል መሄድን በሕግ ቃል ተርጕሞ የፈቀደ የመጀመሪያው ካሊፎርኒያ ነው። በዚያው ግዛት በሎስ አንጀለስ ከተማ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሠፈር ስላለ፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ነጂ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አስቀድሞ በካሊፎርኒያ ይህን አነዳድ የሚከለክልም የሚፈቅድም ሕግ አልነበረም፤ ነጂዎቹም ሕግ ያልከለከለው ነው እያሉ ለብዙ ዘመን በልማድ ይሄዱበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የግዛቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ምክር ጽፎ አወጣ። ምክሩም ነጂው ከመኪናዎቹ ፍጥነት በሰዓት ከ10 ማይል፣ ይኸውም 16 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በላይ አብልጦ እንዳይሄድ፣ መኪናዎቹም በሰዓት 30 ማይል ወይም ከዚያ በላይ በሚሄዱበት ጊዜ ከመካከላቸው እንዳይገባ የሚል ነበር። ነገር ግን ፖሊስ ሕግ የማውጣት ሥርዓት ሳይፈጸም ደንብ አወጣ የሚል አቤቱታ ስለ ቀረበ፣ ምክሩ በ2014 ዓ.ም. ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ቀረበ። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. በሕጉ ላይ ፈረሙ፤ በጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መሠራት ጀመረ። ሕጉ ይህን አነዳድ ሲተረጕም፣ ሁለት ጎማው መሬት የነካ ሞተር ብስክሌት በቆሙ ወይም በሚሄዱ መኪናዎች ረድፍ መካከል መንዳት ነው ይላል። ስኩተርም እንደ ሞተር ብስክሌት የሚቈጠር ስለ ሆነ በፈቃዱ ውስጥ ይገባል። ሦስት ጎማ ያለው ስኩተር ግን፣ ምንም ቀጭን ቢሆን፣ ከዚህ ትርጓሜ ውጪ ነው። እንደዚሁም በየከተማው ቆመው የሚነዱት ትንሹ የኤሌክትሪክ ስኩተር ስሙ ቢመሳሰልም በሕግ ሞተር ብስክሌት አይደለም፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ15 ማይል እንዳያልፍ ተወስኗል።

ሕጉ የፍጥነት ልክ በቍጥር አለመጻፉ እጅግ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ነው። አስቀድሞ በረቂቁ ነጂው ከመኪናዎቹ በ15 ማይል ብቻ እንዲበልጥ፣ ከ50 ማይልም በላይ እንዳይሄድ የሚል ቃል ነበረበት፤ ኋላ ግን ይህ ቃል ወጣ። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው የነጂው አእምሮ ነው፤ አለአግባብ የፈጠነ እንደ ሆነ ግን ስለ ፍጥነት የተደነገገው አጠቃላይ ሕግ ይይዘዋል።

አእምሮው በምን ይመራ ለሚለው፣ በ2015 ዓ.ም. በበርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያወጡት ጥናት ብዙ ይረዳል። ሊቃውንቱ አደጋ የደረሰባቸውን 5,969 የሞተር ብስክሌት ነጂዎች መረመሩ፤ ከነዚህም 997ቱ አደጋው የደረሰባቸው በረድፎች መካከል ሲሄዱ ነበር። ከነዚህ ከ100 ሰዎች 9ኙ ራሳቸውን ሲጐዱ፣ ከሌሎቹ ግን ከ100 ሰዎች 17ቱ ራሳቸውን ተጐድተው ተገኙ። ከኋላ በሌላ መኪና የመገጨታቸውም ነገር ያነሰ ነበር፤ በሰልፍ መጨረሻ የቆመ ነጂ ከኋላው ለሚመጣው መኪና የተጋለጠ ነውና። ሆኖም በረድፎች መካከል የሚሄዱት ራሳቸው ከፊታቸው ያለውን መኪና የመግጨታቸው ነገር ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። የጥናቱ ፍሬ ነገር፣ መኪናዎቹ በሰዓት ከ50 ማይል ባልበለጠ ፍጥነት ሲሄዱ፣ ነጂውም ከነሱ በ15 ማይል ብቻ ወይም ከዚያ ባነሰ ሲበልጥ ጕዳቱ አነስተኛ ነው የሚል ነው።

የዚህም ምክንያት በሒሳብ ይታወቃል። 15 ማይል 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 6 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። መኪናዎቹ ቆመው ሳለ ነጂው በዚህ ፍጥነት ሲመጣ፣ 10 ሜትር ርቆ ያለ መኪና ድንገት ከረድፉ ወጥቶ መንገዱን ቢዘጋበት፣ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ስለሚያልፍ፣ ፍሬን ሲይዝ ከሦስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ይቀረዋል። ባይድን እንኳ የሚገጨው ፍጥነቱ ከበረደ በኋላ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን በአንድ ሴኮንድ 13 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ሳይነካ መኪናውን ይገጫል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ መሆኑ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል።

የክፍተቱንም ስፋት ተማሪው በደብተሩ ሥሎ ይመልከት። በዚያ አገር የፈጣን ጎዳና ረድፍ 3 ሜትር ከ60 ያህል ስፋት አለው፤ የቤት መኪና 1 ሜትር ከ80 ቢሆን፣ በየረድፋቸው መካከል በሚሄዱ በሁለት መኪናዎች መካከል 1 ሜትር ከ80 ይቀራል። ስኩተሩ በመሪው በኩል 75 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ክንድ ያህል ይተርፈዋል። በመኪናዎቹ ፈንታ 2 ሜትር ከ60 የሚሰፉ ሁለት ካሚዮኖች ከሆኑ ግን የሚቀረው አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ በየጎኑም የሚተርፈው ከአንድ ስንዝር እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚህም ላይ የመስተዋቶቻቸው ስፋት ገና አልተቀነሰም። ፖሊስ በ2018 ዓ.ም. እንደ ገና ባወጣው ምክር በካሚዮንና በአውቶቡስ አጠገብ በመካከል መሄድ እንዲቀር ማለቱ ስለዚህ ነው። ደግሞም ከሌሎቹ ክፍተቶች ይልቅ በግራ ዳር ባሉት በሁለቱ ረድፎች መካከል መሄድ እንደሚሻል ይመክራል። በዚያ አገር በቀኝ ስለሚነዳ፣ ከጎዳናው የሚወጡትና የሚገቡት መኪናዎች አብዛኞቹ በቀኝ በኩል ይተላለፋሉ። በጎዳናው ጠርዝ ላይ መሄድ ግን በረድፎች መካከል እንደ መሄድ አይቈጠርም፤ የተከለከለ ነው። ምክሩ የማይነግረው፣ የስኩተር ነጂ ግን ሊያውቀው የሚገባ፣ ትንሽ ጎማ ከትልቅ ጎማ ይልቅ በጕድጓድና በእብጠት እንደሚናወጥ፣ የመስመሩም ቀለም ዝናብ ሲነካው እንደሚያዳልጥ ነው።

ሕጉ ለስኩተር ነጂ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በመጨናነቁ የተናደደ የመኪና ነጂ፣ የሚያልፈውን ሰው ጕዳት በሚያመጣ አኳኋን አውቆ መንገድ ቢዘጋበት ወይም በሩን ቢከፍትበት በሕግ የተከለከለ ነው።

የግዛቱ ወሰን ሲታለፍ ፈቃዱም ይቀራል። በትልቅ ስኩተር ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ወደ ላስ ቬጋስ የሚሄድ ሰው ወደ ኔቫዳ ሲገባ ይህ አነዳድ የተከለከለ ነው። ዩታ በ2019፣ አሪዞናም በ2022 ዓ.ም. የፈቀዱት መኪናዎቹ በቆሙ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያውም የፍጥነት ወሰኑ ከ45 ማይል በማይበልጥ ጎዳና፣ ነጂውም ከ15 ማይል ሳያልፍ ነው። ካሊፎርኒያ ያልጻፈውን ቍጥር እነርሱ ጽፈውታል።

መልመጃ። በ2013ቱ ምክር መሠረት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በቆሙ መኪናዎች መካከል ሲያልፍ 10 ሜትር ርቆ ያለ መኪና መንገዱን ቢዘጋበት፣ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ፍሬን ሲይዝ ስንት ሜትር ይቀረዋል? በ24 ኪሎ ሜትር ከሚሄደውስ በስንት ሜትር ይበልጣል?