ወደ ነጻነት በእግር



እኛ በሜሪላንድ የምንኖር የሰንበት ትምህርት ቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለፈው የመከር ወራት ሳንዲ ስፕሪንግ ወደምትባለው መንደር ሄደን ነበር። በዚያም ከባርነት ያመለጡትን ለማሰብ የተከፈተ የእግር መንገድ አለ። ከዉድሎን እርሻ፥ ከድንጋዩ ጎተራ አጠገብ ይነሣና በሜዳና በጫካ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለመንደሩ ስም በሰጠው ምንጭ ዘንድ ያበቃል። ከአስጎብኚያችን የሰማነውንና በኋላ አንብበን ያገኘነውን እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማምለጫው «የምድር ውስጥ ባቡር» ይባል ስለ ነበረ ከመካከላችን ዋሻና ሐዲድ እናያለን ብሎ የጠበቀ አልጠፋም። ሐዲድ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው በቀን ተሸሽጎ በሌሊት የሰሜንን ኮከብ እያየ የሚሄድ ሰው፥ አልፎ አልፎም በር የሚከፍትለት ሰው ነው። ውሾች ሽታውን እንዳይከተሉት በወንዝ ውስጥ ይራመዳል። ከዚህ እስከ ፔንሲልቫንያ ወሰን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እኛ ሦስቱን በቀን ብርሃን፥ ጫማ አድርገን፥ ሁለት ጊዜ አርፈን ነው የጨረስነው።

ከ1850 በኋላ ደግሞ ወሰኑን መሻገር ብቻ አልበቃም። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት ሸሺ ነው ተብሎ የተያዘ ሰው ስለ ራሱ ሊመሰክር አይፈቀድለትም ነበር። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለጌታው ቢመልስ 10 ዶላር፥ ነጻ ቢለቀው 5 ዶላር ይከፈለዋል። የሸሸገው እስከ 1000 ዶላር መቀጫና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። ዘዳግም 23፥15ን ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ከጌታው ያመለጠውን አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። የባርነት ተቃዋሚዎች ይህን ጥቅስ ይዘው ተከራክረዋል። ባሪያ መያዝን አስቀድመው የተዉት የሳንዲ ስፕሪንግ ኩዌከሮች በብዙ መጽሐፍ ይመሰገናሉ። በየስፍራው ሸሺውን ተቀብለው ያበሉና ያሳደሩ ነጻ ጥቁሮች ግን የብዙዎቹ ስም እንኳ አልተጻፈም።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የጆሳያ ሄንሰን ታሪክ ነው። ሄንሰን በዚሁ አውራጃ ባሪያ ሆኖ የኖረ፥ በኋላም ወንጌል የሰበከ ሰው ነው። በ1825 ጌታው ዕዳ ስለ በዛበት አሥራ ስምንት ባሮች ወደ ኬንታኪ እንዲወስድለት ለመነው፤ ሄንሰንም ቃል ገባ። በመንገድ ሲንሲናቲ ሲደርሱ፥ ስፍራው ባርነት የሌለበት ነበርና፥ የከተማው ጥቁሮች «እዚሁ ቅሩ፥ ነጻ ናችሁ» አሏቸው። ሄንሰን ግን ቃሌን አላጥፍም ብሎ ጀልባዋ እንድትቀጥል አዘዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያ ሰዎች ተሸጡ። እርሱም ነጻነቱን ሊገዛ ገንዘብ ከፍሎ ተታለለ። በመጨረሻ በ1830 ሁለቱን ትንንሽ ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ከሚስቱና ከሌሎቹ ሁለት ልጆች ጋር ካናዳ ገባ። በ1849 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በሲንሲናቲ ስላደረገው ነገር በብርቱ ተጸጽቷል።

ከእኛ አንዳንዶቹ ቃሉን መጠበቁ አያስነቅፈውም አሉ። ሌሎቻችን ግን የሌላውን ሰው ነጻነት በገዛ ቃሉ ሊያስር ምን ሥልጣን ነበረው ብለን ጠየቅን። ክርክሩ እስከ ምንጩ ድረስ አላለቀም።

በምንጩ አጠገብ አርፈን ሳለን አስጎብኚያችን «በእናንተ አገርስ ባርነት ነበረ ወይ?» ብላ ጠየቀችን። አንዱ ወንድማችን ፈጥኖ ስለ ዓድዋ መናገር ጀመረ። መልካም ነው፤ የተጠየቅነው ግን እርሱን አልነበረም። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1942፥ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አሜሪካ በሕገ መንግሥቷ ከሻረችበት ከ1865 ሰባ ሰባት ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ቃሉም ዛሬ በየቤታችን ለስድብ ሲነገር እንሰማለን። ይህን ስንነግራት አንገታችንን ደፍተን ነበር።

ስንመለስ አንዲት እኅታችን በቅድመ አያቷ ቤት በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁ ሴት እንደ ነበሩ ስትሰማ ማደጓን አስታወሰች። ከመኪናው ሳትወርድ ለእናቷ ደወለችና ስማቸውን ጠየቀች። እናቷ ጥቂት ዝም አሉ። የቤት መጠሪያቸውን አስታወሱ፤ የክርስትና ስማቸውን ግን አላወቁትም።