አስፓራገስን ለውጭ ገበያ ማምረት፦ በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች ከመታቀዱ በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ነጥቦች

በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ መልሶ ለማቋቋም በሚታቀድበት ጊዜ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ አትክልት ይተከል የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ከእነዚህም አንዱ አስፓራገስ ነው። አስፓራገስ ከመሬት በታች ካለው ሥሩ በየጊዜው ለጋ ቡቃያ የሚያወጣ ቋሚ ተክል ሲሆን፣ ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል። በአገራችን ቁጥቋጦ መካከል የሚበቅለው የሴት ቀስት የቅርብ ዘመዱ ነው። ሰብሉ ለደቡብ ወሎ ገበሬ ይበጅ እንደሆነ ለመወሰን የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች አስቀድመው መመዘን ይኖርባቸዋል።

ሀ/ የሚጠይቀው ጊዜ

ዘሩ በመደብ ላይ አንድ ዓመት ያህል ካደገ በኋላ፣ ሥሩ ተነቅሎ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ቦይ ውስጥ ይተከላል። ሥሩ እስኪጠነክር ድረስ ቡቃያው ስለማይቆረጥ፣ ደህና ምርት የሚገኘው ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ በሚገባ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያፈራል። ውሃ የሚያቁር መረሬ መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ እንዳስተማረው፣ ጎተራው የተራቆተ ቤተሰብ፣ ይልቁንም በአዲስ መሬት ላይ የሠፈረ፣ ሦስት ዓመት ያለ ገቢ ሊቆይ አይችልም።

ለ/ አሰባሰብና አስተሻሸግ

በሙቀት ወራት ቡቃያው በየዕለቱ ይቆረጣል። ከተቆረጠም በኋላ ማደጉን ስለማያቆም ቶሎ ይጠነክራል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ስለሆነም በማለዳ ተቆርጦ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ በውፍረቱ ተለይቶ፣ ርዝመቱ ተስተካክሎ ይታሰራል። እስሩ እርጥብ ንጣፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል፤ ቢጋደም ጫፉ ይቆለመማልና። ከዚያም እስከ ገዢው አገር ድረስ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መጓዝ አለበት። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪናና ማከማቻ ሳይዘጋጅ መትከል ገበሬውን ለኪሳራ ያጋልጣል። ደሴ ሰኞ ገበያ የሚወጣው ድንችና ጎመን ዋጋው ቢወድቅ እንኳ ቤተሰቡ ይመገበዋል፤ ያልተሸጠ አስፓራገስ ግን በአካባቢው የለመደው ተመጋቢ የለውም።

ሐ/ ውሃ

በፔሩ አገር የኢካ ሸለቆ ልማቱ በተለይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፍቶ፣ አገሪቱ ከዓለም ታላላቅ ላኪዎች አንዷ ሆናለች፤ ለብዙ ሠራተኞችም የዕለት ገቢ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ሸለቆው በረሃማ በመሆኑና እርሻው ከጥልቅ ጉድጓድ በሚሳብ ውሃ በመልማቱ፣ የከርሰ ምድር ውሃው እየራቀ ሄዶ የአነስተኛ ገበሬዎች ጉድጓዶች ደርቀዋል። በኮምቦልቻና በቦርከና ወንዝ ዙሪያ ተመሳሳይ ልማት ቢታሰብ፣ ከወንዙ በታች ያለው ተጠቃሚ ድርሻ አስቀድሞ መለካት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ውሃው፣ መንገዱና ማቀዝቀዣው ከተረጋገጠ፣ ገዢም በውል ከተገኘ፣ ተክሉን በጥቂት መሬት ላይ መሞከር ይቻላል። ምርቱ እስኪደርስ የቤተሰቡ እህል በተቀረው መሬት መዘራት አለበት። አገራችን ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን ስትልከው የቆየችው ፎሶሊያ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ፣ የእሽግና የማቀዝቀዣ ሥራን በቅድሚያ በእርሱ መለማመድ አደጋውን ይቀንሳል። ባለሙያው ለገበሬው ዘር ከማደሉ በፊት፣ ዋጋው ቢወድቅ ወይም መኪናው ቢዘገይ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል።