የገበያ ቀን ደስታ

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ሴቷም ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ሰው ጥቂት ደስታ ይፈልጋል። አንድ ዋንጫ ጠላ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ከወዳጅ ጋር እያወጉ የሚሄዱት መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ደስታዎች ናቸው። በእነዚህ መደሰት ነውር አይደለም። የደከመ ሰው ሊደሰት ይገባዋል።

ታዲያ ትንሽ ደስታ ልክ አለው። ልኩን ካለፈ ደስታ መሆኑ ይቀርና ጉዳት ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ገበሬ እናስብ። ቤቱ ከማንኩሳ አጠገብ ነው። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ገበሬው በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ ይዘራል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን አገር በበርበሬው የታወቀ ነውና፣ በርበሬው ሲደርቅ ወደ ቡሬ ገበያ ይወስደዋል።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን

አንድ ቀን ገበሬው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ብቻውን ወደ ቡሬ ለመሄድ ተነሣ። ሚስቱ እስከ ደጅ ሸኘችውና፣

«ጨውና ሳሙና እንዳይረሱ። ለልጅቷም ደብተር። ከተረፈ ደግሞ ትንሽ ቡና» አለችው።

«እሺ፣ ምን ገዶኝ!» አላት።

በርበሬው በጥሩ ዋጋ ተሸጠ። ገበሬው ገንዘቡን በኪሱ ከቶ ሲመለስ አንድ የሚያውቀው ሰው አገኘው። «ና እንጂ፣ አንዲት መለኪያ እንቅመስ!» አለው። አረቄ ቤት ገቡ። አንዷ መለኪያ ሁለት ሆነች። ሁለቷ አራት ሆነች። የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ አጠገቡ ተቀመጡ። ለሁሉም አስቀዳ።

ማታ አህያው መንገዱን ያውቃልና ብቻውን ቤት ደረሰ። ሚስቱ ባዶውን አህያ ስታይ ደነገጠች። ጎረቤት ጠርታ፣ ችቦ አብርታ ፍለጋ ወጣች። ገበሬው ከመንገድ ዳር፣ ከቦይ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። መኪና ሳይገጨው፣ ጅብ ሳያገኘው ቀረ። ገንዘቡ ግን አልቋል።

በማግሥቱ ልጅቷ፣ «አባየ፣ ደብተሬስ?» አለችው። መልስ አጣ። ልጅቷ ያለቀውን ደብተሯን አወጣች። በየገጹ ዳር ዳር፣ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ አጠጋግታ ጻፈች። ገበሬው ይህን አይቶ አቀረቀረ።

ሚስቱ አልጮኸችም። እንዲህ ብቻ አለችው፦

«መደሰትዎን አልጠላሁትም። እኔም እኮ መደሰት እወድ ነበር። በርበሬውን የለቀምነው አብረን ነው። ደስታውን ግን ብቻዎን ጨረሱት።»

ከራስ ምታቱ ይልቅ ይህ ቃል አመመው።

ሁለተኛው የገበያ ቀን

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቀረውን በርበሬ ለመሸጥ ታሰበ። በዋዜማው ማታ ባልና ሚስት ተቀምጠው መከሩ። ገበሬው መጻፍ ተምሯልና፣ በልጅቷ እርሳስ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ጨው
ሳሙና
ደብተር፣ ሁለት
ዕዳ
ቡና
ለመንገድ ደስታ፣ ጥቂት

«የመጨረሻው ምንድን ነው?» አለችው።

«እሱማ የእኔና የአንቺ ነው» አላት።

ጧት አብረው ወጡ። ድሮ እሷ ገበያ ስትሄድ ሸክም ከጀርባዋ አይወርድም ነበር። ዛሬ ጭነቱ በሙሉ በአህያው ላይ ሆነ። ስንቅ የያዘውን አገልግል ባሏ አነገተ። እሷ ባዶ እጇን እያወዛወዘች ሄደች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «ይህን መንገድ ስንት ዓመት ተመላለስሁበት! ዙሪያውን ያየሁት ግን ዛሬ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሸክም ተሸክሞ የሚጎነበስ ሰው የሚያየው የእግሩን ሥር ብቻ ነው።

ፀሐይ ስትበረታ ከዋርካ ጥላ ሥር አረፉ። አገልግሉ ተከፈተ። እንጀራ በሽሮ ነው። ትናንት ማታም የበሉት ይኸንኑ ነበር። በጥላ ሥር፣ በነፋስ ሲበሉት ግን ሌላ ምግብ መሰላቸው። መንገደኛውን ሁሉ «እንብላ!» አሉ። አንድ ሽማግሌ አረፍ ብለው ቀመሱና መርቀዋቸው ሄዱ።

ከገበያ ሲደርሱ በርበሬውን ሸጡ። አስቀድመው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ገዙ። ዕዳውንም ከፈሉ። እያንዳንዱ ሲፈጸም በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ በኋላ ጣሳ በእንጨት ላይ ተደፍቶ ወደተሰቀለበት ቤት ሄዱ። ይህ የጠላ ቤት ምልክት ነው። የጠላ ቤቷ ባለቤት፣ «እመይቴ፣ ይግቡ። አያ፣ ከመደቡ ላይ ይቀመጡ» ብላ ተቀበለቻቸው። አንዳንድ ዋንጫ ጠጡ፣ አወጉ፣ ሳቁ። ሴትዮዋ «ልድገምዎ?» ስትለው፣ «ይበቃናል፣ እግዜር ይስጥልን» አላት። ለልጅቷ ሸንኮራ አገዳ ገዝተው በጊዜ ተመለሱ።

ማታ ቡናው ተቆላ። ጎረቤት ተጠራ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጣ። ልጅቷ አዲሱን ደብተር ከፍታ ስሟን በትልቁ ጻፈችበት።

እስቲ እናስላ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ገንዘብ ወጣ። የተደሰተው አንድ ሰው ነው፤ እሱም በማግሥቱ አዘነ። በሁለተኛው ቀን የወጣው ጥቂት ነው። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ መንገደኛው ሽማግሌና ጎረቤት ሁሉ ተደሰቱ። በማግሥቱ ያዘነ የለም።

ስለ መጠጥ

ጠላ በብዙ ድካም የሚገኝ ነው። ጌሾው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል። ብቅሉ ይበቅላል፣ ይፈጫል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ከዚያ ይጠነሰሳል፣ ቂጣው ተጋግሮ ይደፈደፋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ተከድኖ እስኪደርስ ይጠበቃል። በእኛ አገር ዳጉሳና በቆሎም ለጠላ ይውላሉ። ይህን ሁሉ የምትሠራው በአብዛኛው ሴቷ ናት። ውሃውንም በእንስራ የምታመጣው እሷ ናት። ስለዚህ ዋንጫውን ስናነሣ ከኋላው ያለውን ድካም እናስብ። ውሃ በመቅዳትና እንጨት በመፍለጥ እናግዛት። እሷም ተቀምጣ ትጠጣ።

ጠላና አረቄ አንድ አይደሉም። በጠላ ውስጥ ያለው የሚያሰክር ነገር ከ100 እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በዳግም አረቄ ውስጥ ግን ከ100 እጅ 40 እጅና ከዚያም በላይ ይገኛል። በዋንጫ እንደሚጠጣው ጠላ አረቄን የሚጠጣ ሰው ራሱን ይጎዳል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አረቄማ ጨርሶ አይጠጣ። መርዝ የተቀላቀለበት አረቄ ዓይን ያሳውራል፣ ሰው ይገድላል። እርጉዝ ሴትና ሕፃን የሚያሰክር መጠጥ አይጠጡ። ማር ካለ በውሃ በጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ ብርዝ ለትልልቅ ልጆችም ይስማማል። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ቡና ዛሬ በየቤቱ ይጠጣል። ድሮ ግን በሰሜኑ አገራችን ብዙ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። ቡና መጠጣት በእነዚህ አገሮች እየተስፋፋ የመጣው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ዛሬ የቡና ትልቁ ጥቅም ጎረቤትን ማገናኘቱ ነው። የተጣላ ይታረቅበታል፣ ያዘነ ይጽናናበታል፣ የታመመ ካለ ወሬው ይሰማበታል።

ስለ ስንቅ

ከቤት ይዞ ወጥቶ መብላት የቆየ ልማዳችን ነው። ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ የመንገደኛ ምግብ ናቸው። ደረቅ ስለሆኑ ቶሎ አይበላሹም። ቆሎ ገብስና ሽምብራ ተቀላቅሎበት ሲቆላ ይጥማል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ወጥ ያለበት እንጀራ ግን በዚያው ቀን ይበላ። ሙቀት ያበላሸዋል።

ከገበያ የሚገዛ ምግብም አለ። ንፍሮ አለ፣ ዳቦ አለ፣ በእሸት ጊዜ ደግሞ የተጠበሰ በቆሎ አለ። ስንገዛ የተከደነውን፣ ዝንብ ያላረፈበትን እንምረጥ። ትኩሱ ይሻላል። ከመብላታችን በፊት እጃችንን በውሃና በሳሙና እንታጠብ።

ዛሬ ዛሬ ምግብ በፌስታል ተጠቅልሎ ይሸጣል። ፌስታሉን በየሜዳው መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ከብት ይበላዋል። በሆዱ ውስጥ አይፈጭም፤ ተጠራቅሞ አንጀቱን ይዘጋዋል፣ ከብቱም ይሞታል። በዳቦ መጠቅለያ በሬ ይሞታል ማለት ነው። አገልግልና የኮባ ቅጠል ግን ከብት አይገድሉም።

ስለ መንገድ

በእግር መሄድ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እንዳለበት ይመክራል። ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ገበሬ ይህን በአንድ የገበያ ቀን ይጨርሰዋል። ከተሜው በሐኪም ትእዛዝ የሚሄደውን፣ እኛ በኑሯችን እንሄደዋለን።

ሰዎች አገራችንን ለማየት ከሩቅ መጥተዋል። ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በምጽዋ ገብቶ፣ በጎንደር አልፎ በ1763 ዓ.ም. ሰከላ ደረሰ። ያን ሁሉ አገር ያቋረጠው የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ለማየት ነበር። ሲደርስ ከምንጩ በጽዋ ቀድቶ፣ የአገሩን ንጉሥ ስም ጠርቶ ጠጣ። ደስታው በአንድ ጽዋ ውሃ ተፈጸመ። ከእሱ በፊትም በ1610 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ቄስ ያን ምንጭ አይቶታል። እነሱ ባሕር ተሻግረው የመጡበት ውሃ ለእኛ የጎረቤት ውሃ ነው።

ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ በመንገድ ላይ ሌላ ደስታ ያገኛል። የከተማውን ስም፣ የመኪናውን ጽሑፍ፣ የሱቁን ሰሌዳ እያነበበ ይሄዳል። በማንኩሳ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ታላቅ ልብ ወለድ የሚጀምረው በማንኩሳ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ማንበብ የማይችለውም ሁሉ ሰምቶታል። እኛ ግን ዛሬ ራሳችን ልናነበው እንችላለን።

በአስፋልት ዳር ስንሄድ ግራ ዳርን ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ ከፊታችን የሚመጣውን መኪና እናያለን። ሰክሮ በአስፋልት መሄድ ሞትን መጥራት ነው።

ፍኖት ማለት በግዕዝ መንገድ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይህ ስም ብዙ ያስተምራል። መንገድ ሰላም ሲሆን ገበሬ ይገበያያል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል። ሰላም ከሌለ አንድ ዋንጫ ጠላም አይጥምም።

ስለዚህ ትንሽ ደስታን አንናቅ። ነገር ግን አስቀድመን የቤታችንን ጉዳይ እንፈጽም። ልኩን እንወቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮን የደከመውን ሰው ከደስታው አንለይ።

የቃላት ፍች

ስንቅ - ለመንገድ የሚያዝ ምግብ
አገልግል - ከስንደዶ ወይም ከአክርማ ተሠርቶ በቆዳ የተለበጠ የስንቅ መያዣ
መለኪያ - አረቄ የሚቀዳበት ትንሽ ብርጭቆ
ዋዜማ - ከአንድ ቀን በፊት ያለው ቀን

ጥያቄዎች

1. ገበሬው በመጀመሪያው የገበያ ቀን ምን ምን ሳይገዛ ተመለሰ?
2. ሚስቱ «ደስታውን ግን ብቻዎን ጨረሱት» ያለችው ለምንድን ነው?
3. በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ዙሪያዋን ለማየት የቻለችው እንዴት ነው?
4. ጠላና አረቄ በምን ይለያያሉ?
5. ፌስታል በሜዳ ቢጣል ምን ጉዳት ያመጣል?
6. እርስዎም በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሚገዙትን ከቤተሰብዎ ጋር መክረው በወረቀት ይጻፉ። ለደስታም ጥቂት ይመድቡ።