የትራክተር ሞተሪኖ አመረማመር

በእርሻ ወራት ትራክተር አልነሣ ቢል የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ የመሬቱ እርጥበት ያመልጠዋል። ሞተሪኖ ማለት ከባትሪ በሚያገኘው ኃይል ዋናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብዙ ጊዜ ሕመሙ በባትሪው ወይም በሽቦው ሳለ ደኅናው ሞተሪኖ ተፈትቶ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ። መሬት ላይ ቆሞ የሞተሪኖውን ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም። ማርሽ ገብቶ እንደሆነ ትራክተሩ ወዲያው ይንቀሳቀስና የኋላው ጎማ ሰውየውን ይረግጠዋል። በዚህ ዓይነት የሞቱ ብዙ ናቸው።

1ኛ/ ድምፁን ማዳመጥ። ቁልፉ ሲዞር፦
ሀ) ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ቢል፣ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የሽቦው ማሰሪያ ላልቷል።
ለ) አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ቢል፣ ባትሪውና ሽቦው ደኅና ከሆኑ ጥፋቱ በሞተሪኖው ነው።
ሐ) ሞተሪኖው ብቻውን ቢሽከረከር፣ ፒኞኑ ከዋናው ሞተር ጥርስ ጋር አልተያያዘም።
መ) ብረት የሚፋጭ ድምፅ ቢሰማ፣ ጥርሶቹ ተበልተዋል።
ሠ) ምንም ድምፅ ባይሰማ፣ ፍሪሲዮኑ መረገጡን ይመልከቱ፤ ብዙ ትራክተሮች ያለዚህ አይነሡም።

2ኛ/ ባትሪውን መለካት። የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ቢወርድ በመጀመሪያ ባትሪው ይሞላ።

3ኛ/ ሽቦውን ማየት። በባትሪው ራስ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በብረት ብሩሽ ይጽዳ፤ ማሰሪያው ይጥበቅ። ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረውን የማሳ ሽቦ አይርሱ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ለማስነሣት ሲሞከር የሚሞቅ ሽቦ ችግር አለበት።

4ኛ/ ሞተሪኖውን ፈትቶ ማየት። አስቀድሞ የባትሪው የማሳ ሽቦ ይፈታ፤ ሲገጠምም መጨረሻ ይታሰር። ካርቦኖቹ ከአዲሱ ቁመታቸው እኩሌታ በታች ካለቁ ይለወጡ። ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ቀለበት ቢጠቁር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ። በመዳቡና በመካከለኛው ዘንግ መካከል ኤሌክትሪክ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ የሽቦው ሽፋን ተቃጥሏል። ዘንጉ በቦኮላው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዝ ቦኮላው ይለወጥ።

ሞተሪኖን የሚገድለው በተለይ ሙቀት ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ ካልተነሣ 2 ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። የልማት ሠራተኞችም ይህን ምርመራ ከእርሻ ወራት በፊት ለባለትራክተሮች ቢያሳዩ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ይሆናል።