እየቻሉ ስለሚወድቁ ልጆች

በየትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይነት ወዳቂ አለ። አንደኛው ትምህርቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት የሚወድቅ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን እየቻለ የሚወድቀው ነው። ስለዚህኛው የሚናገር ጥቂት በመሆኑ፥ በየክፍላችን ያነበብነውን በኮልፌ ቀራንዮ ከምናየው ጋር እያስተያየን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ወደድን። ኮልፌን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ መካከል ጥቂቶቹ ያደግነው በአጣና ተራና በአሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ነው፤ በክረምት በጎ ፈቃድ ልጆች የምናስጠናውም እዚያው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። በ2014ም ሆነ በ2015 ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። ይህ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ መምህራን ችሎታ ተከራከረ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። መቶና ሁለት መቶ ልጅ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አንድ እንኳ ሳያሳልፍ ሲቀር፥ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል አንድ ብሩህ አእምሮ አልነበረም ብሎ የሚያምን ማን ነው? ተሰጥኦ በሰፈርና በወረዳ ተመድቦ አልታደለም። እንግዲያውስ ከነዚያ ባዶ ውጤቶች ሥር ማለፍ ይችሉ የነበሩ ልጆች ተቀብረዋል ማለት ነው።

በአገራችን ጎበዝ የሚባለው ደረጃ የሚያወጣ ነው። በሰኔ መጨረሻ ካርድ ሲሰጥ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣው ይሸለማል፤ አሥረኛው «በርታ» ይባላል፤ ሠላሳኛው ግን ቀለም የማይዘልቀው ተብሎ ይታለፋል። ደረጃ የሚመዝነው ልጁ የሠራውን እንጂ ሊሠራ የሚችለውን አይደለም። ባለፈው ክረምት ካስጠናናቸው መካከል አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በክፍሏ ሠላሳ ስምንተኛ ወጥታለች፤ በካርዷ ላይ ሒሳብ 41 ነበር። አባቷ ሸማኔ ነው፤ ጥለት ሲጥል ክር የምትቆጥርለት እርሷ ናት። ክፍልፋይ በቁጥር ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ያንኑ ጥያቄ በክር ለውጠን፥ «ነጠላው በአንድ ስንዝር ቢሰፋ፥ ጥለቱም በዚያው መጠን ቢጨምር ስንት ክር ይጨመራል?» ስንላት ግን እርሳስ ሳታነሣ መለሰች። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ለውጠን ጠየቅናት፤ አልሳተችም። ይህች ልጅ ሒሳብ አትችልም ተብላ ስድስት ዓመት ተምራለች።

ሌላው ደግሞ ቀልቃላ የሚባለው ዓይነት ነው። መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ስለሌለው ጎረቤቱን ይነካካል፥ ያስቃል፥ ይወጣል፥ ወላጅ አምጣ ይባላል። ስድሳ ልጅ የያዘ መምህር ምን ያድርግ ብንል እውነት አለን። ነገር ግን ልጁ ሦስት ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ ረባሽነቱ ሥራው ይሆናል፤ ትምህርቱ ከብዶ እርሱን የሚፈታተንበት ቀን ሲመጣም መቀመጥ አይችልም።

ያ ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ የታወቀ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ ከሰባተኛ ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስካሁን ሳያጠና አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀው ነገር ፊት ለፊት ይቆምበታል። መካከለኛው ተማሪ መድከም ስለለመደ መዝገበ ቃላት ይዞ ይቀመጣል። ብልሁ ግን «አንተኮ ጭንቅላት ነህ» እየተባለ ስላደገ፥ ማጥናት የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። አጥንቶ ከመውደቅ ይልቅ ሳያጠና ወደቀ መባልን ይመርጣል፤ በዚህኛው ቢያንስ ጭንቅላትነቱ አይነካበትምና። (ይህን በሽታ ብዙዎቻችን በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ስላየነው ማብራሪያ አያሻውም።)

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሊዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ጥናት ጀምሮ በካሊፎርኒያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ልጆችን በአእምሮ መለኪያ መረጠና ሕይወታቸውን ተከታተለ። ለመለኪያ ከቀረቡለት በኋላ ነጥብ አልሞላላቸውም ተብለው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩበት፤ ሁለቱም በኋላ፥ አንዱ በ1956 ሌላው በ1968፥ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚህ ይልቅ እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ግኝት ነው። ተርማን ከመረጣቸው ወንዶች መካከል እጅግ የተሳካላቸውን 150ና እምብዛም ያልተሳካላቸውን 150 ለይቶ ሲያነጻጽር፥ በአእምሮ መለኪያ የነበራቸው ልዩነት ጥቂት ሆኖ አገኘው። የለያያቸው ጽናት፥ ግብ ይዞ መሄድ፥ በራስ መተማመን፥ እንዲሁም ያደጉበት ቤት ነበር። እንግዲህ ጽናት ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት ሳይሆን የሚለማመዱት ከሆነ፥ ለብልህ ልጅ ቀላል ሥራ ብቻ እየሰጡ ማሳደግ በደል ነው።

አባቶቻችን ይህን አልሳቱትም። በቅኔ ቤት ክፍል የሚባል የለም። ጉባኤ ቃና የተቃናለት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፥ ከዚያም ወደ ሚ በዝኁ ይሄዳል፤ ጓደኛው ገና ነው ተብሎ አይጠብቅም። ቀድሞ የገፋው ደግሞ ከኋላ ያሉትን ያስቀጽላል፤ ብልህነቱ ሥራ ያገኛል ማለት ነው። በኮልፌ ብዙ ልጆች በሚሄዱበት ቁርዓን ቤትም ልጁ ሉሁን አጥቦ ሌላ የሚጽፈው እርሱ ራሱ የፊተኛውን ሲያውቅ ነው እንጂ ሰባ ልጅ ሁሉ ሲያውቅ አይደለም። በትሩን እንመልሰው፥ ሴቶች ልጆችን በብዛት ያላስገባውን ቤት እንዳለ እንቅዳው አንልም። የፈጠነ ወደ ፊት ይሂድ የሚለው ሐሳብ ግን ከውጭ የመጣ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዘመናዊው ትምህርታችን ለጎበዝ ልጅ ያገኘው መፍትሔ አንድ ነው፤ መርጦ መውሰድ። ከኮልፌ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆችን ተቀብሎ እያሳደረ ያስተማረ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ የሙያ ኮሌጅ ሆኗል። በስድስት ኪሎ የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤትም እንዲሁ ጎበዞችን ይሰበስብ ነበር። በመቐለ የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመው ቃላሚኖ የዚሁ ዓይነት ነው። ለእነዚህ ምስጋና ይገባል። አልጋ፥ ምግብ፥ መጽሐፍና የማታ መብራት ያለው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋልና። ችግሩ ወንፊታቸው ውጤት መሆኑ ነው። የሚይዘው አስቀድሞ የታየውን ነው። ሠላሳ ስምንተኛ የወጣችው የሸማኔ ልጅ የመግቢያ ፈተናው በር ላይ እንኳ አትደርስም፤ የሚልካት የለም።

ወንፊቱን መለወጥ ምን እንደሚያመጣ በፍሎሪዳ ብራዋርድ በሚባል አውራጃ ታይቷል። ቀድሞ ባለ ተሰጥኦ ተብለው የሚመረጡት መምህር ወይም ወላጅ የጠቆማቸው ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 አውራጃው ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በሙሉ፥ ጥቆማ ሳይጠብቅ፥ በቃል ላይ በማይመሠረት ፈተና መመዘን ጀመረ። የተመረጡት የድሆች፥ የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። በጀት ተቀንሶ ምዘናው ሲቀር ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚያያቸው ዓይን ነው።

በእኛም ከተማ ጥቂት በጎ ነገር ተጀምሯል። አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ማብላቱ፥ ለብልሁም ላልሆነውም ትልቅ ነገር ነው። የራበው ልጅ ብልህነቱ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አይታይም። ነገር ግን መፈለጉና መከታተሉ እስኪደራጅ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያች ልጅ ደግሞ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ትገባለች።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ያሰብነው ትንሽ ነገር ነው። እስካሁን የሚላኩልን መምህራን የመረጧቸው ልጆች ነበሩ። አሁን ግን ስድስተኛ ክፍልን ለጨረሱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ፥ ደረጃቸውን ሳንጠይቅ፥ ከመጽሐፍ ያልተወሰዱ አሥር ጥያቄዎች እንሰጣለን፤ ግማሾቹ በሥዕልና በቅርጽ፥ ግማሾቹ በገበያ፥ በአጣና፥ በክርና በሚዛን የሚጠየቁ። ማንበብ የሚያስቸግረውን እናነብለታለን። ጎልተው ለሚታዩት የሰባተኛ ክፍልን ሒሳብና ሳይንስ የእንግሊዝኛ ቃላት አስቀድመን እናስተምራለን፤ ከዚያም በላይ ወዲያው የማይፈቱት ጥያቄ እየሰጠን፥ አንድ ሰዓት ተቀምጠው እንዲታገሉት እናደርጋለን። ፈጥኖ የመለሰውን አናሞግስም፤ ሦስት መንገድ የሞከረውን እናሞግሳለን። ሸማኔ ቤትና ሱቅ የሚውሉት ልጆች በሥራ ቀን ስለማይለቀቁ ጥናቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ሴቶቹም ሳይመሽ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አባቶቻቸውን ለማነጋገር ከእኛ መካከል ሰፈሩን የሚያውቁት፥ ሽማግሌ ይዘው በየቤቱ ይሄዳሉ።

ከኮልፌ፥ ከአየር ጤና፥ ከቤቴልና ከዘነበወርቅ የምትመጡ ጓደኞቻችን ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። በተለይ የሒሳብ ተማሪዎችን እንፈልጋለን፤ አሥሩን ጥያቄዎች ለማውጣት እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች አንበቃምና።