ባህልን ያገናዘበ አገልግሎት፦ ለመምህራንና ለባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ

ተመርቆ ወደማያውቀው ወረዳ የተመደበ መምህር፣ ነርስ ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙያውን ይዞ ይሄዳል። የሚያገለግለው ሰው ግን በቋንቋ፣ በአክብሮት ወግ፣ በጾምና በይሉኝታ ከእሱ ሊለይ ይችላል። ከ80 በላይ ብሔረሰቦች በሚኖሩባት አገር ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ልዩነቱን ተረድቶና አክብሮ ማገልገል መቻል የባህል ብቃት ይባላል። የዚህ ማብራሪያ መልእክት አንድ ነው፦ የሰውን ባህል ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ያወቅነው ነገር አሠራራችንን ካልቀየረው ለተገልጋዩ የሚተርፈው ነገር የለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡን ቀድመው ካነሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ነርስና አንትሮፖሎጂስት ማደሊን ላይኒንገር ናቸው፤ ሕመምተኛን ለመንከባከብ ባህሉን ማወቅ የሙያው አካል መሆን አለበት ብለው አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቴሪ ክሮስና ባልደረቦቹ ተቋማት በባህል ብቃት ረገድ የሚገኙባቸውን ስድስት ደረጃዎች ለይተው አወጡ፤ የመጀመሪያው የሌላውን ባህል ማጥፋት ሲሆን የመጨረሻው የላቀ ብቃት ነው።

ለእኛ ትልቅ ትምህርት ያለው ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ልዩነትን አለማየት። «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» የሚል ባለሙያ ቅን ሰው ነው። ሁሉንም የሚለካው ግን ራሱ ባደገበት ወግ ስለሆነ፣ ያንን ወግ የማያውቀው ሰው ሁልጊዜ ጎድሎ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ-ጋርሺያ፣ አንድ ነገር ጨመሩበት፦ ይህ ትምህርት ምረቃ የለውም፤ ባለሙያው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን እየመረመረ ከተገልጋዩ ይማራል።

የአያት ስም፦ አንድ ምሳሌ በቅርበት

በአገራችን የልጅ ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ ሦስቱንም ይጠይቃል። አያት የተባሉት የአባቱ አባት ናቸው፤ ለልጁ እናት ደግሞ አማቷ።

በሲዳማና በከምባታ ወግ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ደንቡ ባሊሻ ይባላል። የቋንቋ አጥኚዎች እንደመዘገቡት ክልከላው ስሙ ላይ ብቻ አይቆምም፤ የአማቷ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትታ ተተኪ ቃል ትጠቀማለች።

ይህን ወግ የምትጠብቅ እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ መስኮቱ ፊት ቆመች እንበል። መዝጋቢው ቀና ሳይል «የአያት ስም?» ይላታል። ዝም ትላለች። ደግሞ ሲጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ይጀምራል። ወጉን የማያውቅ መዝጋቢ ወይ አታውቀውም ወይ የምትደብቀው ነገር አለ ብሎ ይደመድማል። እሷ ግን ስሙን አሳምራ ታውቀዋለች። የቸገራት አውጥቶ መጥራቱ ነው፤ ብትጠራው አማቷን እንደደፈረች ይቆጠርባታል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ካላት ተቀብሎ መገልበጥ ይቻላል። ልጁ ራሱ የአያቱን ስም ይናገራል፤ እሱን የሚከለክለው ደንብ የለም። አብሯት የመጣ ጎረቤትም ሊነግር ይችላል። ዋናው ነገር መዝጋቢው ዝምታውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ይንገረን?» ብሎ እንዲጠይቅ መልመዱ ነው። ያኔ እናቲቱ ክብሯ ሳይነካ፣ መዝገቡም ሳይጎድል ሥራው ያልቃል።

በክፍል ውስጥ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲማሩ በር ከፈተ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ከመምህሩና እርስ በርስ የሚግባቡት አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ስለዚህ መምህሩ የተማሪን ዝምታ ከስንፍና ከመቁጠሩ በፊት፣ ልጁ በሦስተኛ ቋንቋው መልስ እያዘጋጀ ሊሆን እንደሚችል ያስብ። ከጠየቁ በኋላ ጥቂት መጠበቅ፣ ወይም ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሚቀናቸው ቋንቋ ከተወያዩ በኋላ እንዲመልሱ ማድረግ ብዙ አንደበት ይፈታል።

ሌላው የአነጋገር ጉዳይ ነው። አማርኛ ለታላቅ «እርስዎ» ይላል፤ እንዲህ ያለ መለያ የሌላቸው ቋንቋዎች ግን ብዙ ናቸው። አማርኛን ዘግይቶ የተማረ ልጅ መምህሩን «አንተ» ቢል ብልግና አይደለም። በክፍሉ ፊት መገሠጽ ልጁን አማርኛ እንዲፈራ ያደርገዋል፤ ለብቻው ጠርቶ ወጉን በፍቅር ማስረዳት ግን ያስተምረዋል። በተቃራኒው፣ በብዙ አካባቢ ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ እንዳያይ ተቀጥቶ ያድጋል። ሲወቀስ መሬት መሬት የሚያየውን ተማሪ «ዐይኔን ለማየት የፈራኸው ስላጠፋህ ነው» ማለት በጨዋነቱ መቅጣት ነው።

በጤና ተቋም

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሚያገለግሉት ኅብረተሰብ መካከል ተመልምለው የሠለጠኑ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ሴቶች ናቸው። እናቶች ስለ ወሊድና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለእንግዳ ወንድ የማይናገሩትን ለእነሱ ይናገራሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወለደች እናት ገንፎ እንዲገነፋና ቡና እንዲፈላ መደረጉም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል፤ እናት የቤቷን ወግ ሳታጣ በባለሙያ እጅ ትወልዳለች።

የመድኃኒት አሰጣጥም ጥንቃቄ ይሻል። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የሚል ትእዛዝ ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ለሚጾም ሰው ተግባራዊ አይሆንም። ሕመምተኛ በሁለቱም ሃይማኖቶች የማይጾምበት ፈቃድ ቢኖርም፣ መጾምን የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ሐኪሙን ላለማስቀየም «እሺ» ብሎ ይሄዳል። «ይጾማሉ? በስንት ሰዓት ነው የሚመገቡት?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ሐኪሙ ሰዓቱን እንዲያስተካክል ወይም ሌላ መድኃኒት እንዲመርጥ ያስችለዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው፦ ሰውን በብሔሩ አትደምድሙ። ባሊሻን የማትጠብቅ የሲዳማ ሴት አለች፤ የማይጾም ክርስቲያንም፣ የማይጾም ሙስሊምም አለ። ያነበብነው ነገር ምን ብለን እንደምንጠይቅ ያሳየናል፤ መልሱ ግን የባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው፦ ባህልን ማክበር ጉዳትን መሸፋፈን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማዶች ይጠብቃል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ተማሪዋ ልትዳር መሆኑን የሰማ መምህር «ባህላቸው ነው» ብሎ ዝም ማለት አይችልም። የባህል ብቃቱ የሚታየው ከየትኛው ሽማግሌና ከየትኛው የሃይማኖት አባት ጋር ተነጋግሮ ልጅቷን እንደሚያስጥላት በማወቁ ነው።

ከምን እንጀምር?

1. አዲስ ቦታ ስትመደቡ ከጽዳት ሠራተኛው፣ ከጥበቃውና ከነባር ባልደረቦች ስለ አካባቢው ወግ ጠይቁ። ከማንም በላይ ተገልጋዩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።
2. የሰው ሁኔታ ሲያስከፋችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አስቡ፤ ከዚያ በአክብሮት ጠይቁ።
3. የተገልጋዩን ስም እንዴት እንደሚጠራ ጠይቃችሁ በትክክል ጥሩ። ለእናንተ እንዲቀል ብላችሁ አትለውጡት።
4. አንድ ችግር ሲደጋገም ሰዎቹን ትታችሁ ቅጹን፣ ሰዓቱን ወይም የክፍሉን ደንብ መርምሩ።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ደግ ሠራተኛ ሲዛወር ደግነቱ አብሮት ይሄዳል፤ የተስተካከለ አሠራር ግን በመሥሪያ ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ የመስከረም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤታችሁን ቅጽ አውጡና ከአካባቢው ተወላጅ ባልደረባችሁ ጋር ጥያቄ በጥያቄ አንብቡት። ሰውን አንገት የሚያስደፋ ጥያቄ ካገኛችሁበት ዘንድሮውኑ አስተካክሉት።